ሞክሼ አባቶች

«ካሳዬ! ሃያ ሰከንድ ቅጣት!» አለ ድምፅ ማጉያው። ሰገነት ወደ ድምፁ ዞረች።

ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ከተደረደረው የብረት አጥር ላይ ተደግፋለች። ካሳዬ አባቷ ነው፤ የታላቅ እህቷ የብሩክታይትም አባት። በዚህ ውድድር ብዙ ጊዜ የሚጠራው የአባት ስም ነው። ብሩክታይት ደግሞ የአራት ቀኑን የሴቶች የብስክሌት ውድድር ሦስተኛ ቀን አሸንፋ፣ በድምር ሰዓት መሪ ሆና፣ የመሪዋን ቢጫ ማሊያ ለብሳ አሁን ከመድረክ መውረዷ ነው። ከሁለተኛዋ የምትበልጠው በአሥራ አምስት ሰከንድ ብቻ ነው። ሃያ ከተቀጣች አለቀላት።

«በክልክል ዙር ውሃ በመቀበል፣» ቀጠለ ድምፅ ማጉያው፣ «ሚስጥር ካሳዬ!»

ሰገነት በረዥሙ ተነፈሰች። ሚስጥር የሌላ ቡድን ልጅ ናት፤ በድምር ሰዓት ሁለተኛዋም እሷ ናት። ዝምድና የላቸውም፤ አባቶቻቸው በስም ሞክሼ ሆነው ነው እንጂ።

እፎይታው ግን ብዙ አልቆየም። ውሃውን የሰጠችው ራሷ ሰገነት ናት፤ የሰጠችውም ለእህቷ ነው። ውድድሩ በቸርችል ጎዳና ወርዶ ወደ ፒያሳ እየወጣ አሥር ዙር ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች ውሃ ማቀበል አይቻልም። ሰገነት በጣቷ ስትቆጥር ቆይታ፣ እህቷ ቀድማ ብቅ ስትል በደስታ አጨበጨበችና ቁጥሩ ጠፋባት። ስምንተኛ ዙር መስሏት በዘጠነኛው ኮዳውን ዘረጋች። ከኋላ የሚከተለው የሞተር ዳኛ በሬዲዮው ሲናገርም አይታዋለች።

«አቦ፣ ተረፍሽ!» አለቻት የክፍሏ ልጅ ናዝራዊት፣ ትከሻዋን እየመታች። አጠገቧ ስለነበረች ሁሉንም አይታለች።

«ልጅቷ እኮ ምንም አላደረገችም።»

«አንቺ ቀጣሻት? እነሱ ናቸው የቀጡ። ነቃ በይ እንጂ! ብሩክታይት ካሸነፈች ውጭ አገር ሄዳ ከትልቅ ቡድን ጋር ልትለማመድ አይደል? እህትሽ ናት፣ ጎረቤት አይደለችም።»

ይህ እውነት ነው።

ከአጥሩ ወዲያ ሚስጥር የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላለች። «አንድ ጠብታ አልቀመስኩም! ከንፈሬን እየው እስኪ!» ትላለች ለአሰልጣኟ። ከንፈሯ በውሃ ጥም ተሰነጣጥቋል። አሰልጣኙ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሄደ።

ሰገነት ሌላ ሰው ሄዶ ቢናገርላት ደስ ባላት። ዙሪያዋን ተመለከተች። ከናዝራዊት በቀር የሚያውቅ የለም። ወደ አጥሩ ሥር ጎንበስ አለች።

«የት ነው?» አለች ናዝራዊት። «እህትሽ ትገልሻለች!»

«አውቃለሁ» አለችና በአጥሩ ሥር ሾለከች።

የዳኞቹ ድንኳን ውስጥ ዋና ዳኛዋ ወይዘሮ ለተኪዳን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀት ያገላብጣሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ውሃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለእህቴ ነው፣ ለብሩክታይት።»

ወይዘሮ ለተኪዳን መነጽራቸውን አውርደው ዝርዝሩን አዩ። «ወይ ጉድ! የሞተር ዳኛው የውጭ አገር ሰው ነው፤ በአባት ስም ብቻ ይጠራል። ‹ካሳዬ› ሲለኝ ሰማሁ፤ ቁጥሩን ጩኸቱ ዋጠብኝ። ዝርዝሩ ደግሞ በሀ ሁ ተራ ነው፣ ሚስጥር ከብሩክታይት ትቀድማለች። የመጀመሪያዋን ካሳዬ ያዝኩ።»

«ካሳዬ ግን አባቴ ነው» አለች ሰገነት ሳታስበው። «ብስክሌት መንዳትም አይችልም።»

ወይዘሮዋ ሳያስቡት ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ በሬዲዮ የሞተር ዳኛውን ጠሩት፤ ቁጥሩን ደገመላቸው። የብሩክታይት ቁጥር ነው። ስሙን ሰርዘው አስተካከሉት። ሚስጥር በአምስት ሰከንድ መሪ ሆነች ማለት ነው። ሰገነት ከድንኳኑ ወጥታ እህቷን ፍለጋ ሄደች።

ብሩክታይት ከቡድኗ መኪና ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ብሩኬ፣ ነገርኳቸው።»

ብሩክታይት ምኑን ብላ አልጠየቀችም። ፊቷ ግን ጠቆረ። «መጀመሪያ ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ዝም በይ እንዳትይኝ ፈርቼ።»

ከተዘጋው መንገድ ማዶ የታክሲ ረዳቶች «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያሉ ይጮኻሉ።

«እልሽ ነበር» አለች ብሩክታይት። «ውሃውን የጠጣሁት እኔ፣ እንዴት ይጠፋኛል? ቅጣቱን ስሰማ ገብቶኛል። ማታ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ ነው እዚህ የተጎለትኩት።» ተነሥታ ጀርባዋን ሰጠቻት። «በይ፣ ዚፑን አውርጂልኝ።»

የመድረክ ማሊያ ዚፑ ከኋላ ነው፤ የለበሰችው ብቻዋን አታወልቀውም። ሰገነት ሳበችው፤ መሐል ላይ ትንሽ አስቸገራትና ወረደ። ብሩክታይት ሙሉ ጀሪካን ከጀርባው እንዳወረደ ሰው ተነፈሰች።

«እፎይ! ነገ በመጨረሻው ቀን እንጦጦ ዳገት ላይ ሁሉም እኔን ሊያባርር ነው ብዬ ስጨነቅ ነበር። አሁን አባራሪዋ እኔ ነኝ። አምስት ሰከንድ ምን አላት?» ከዚያ እጇን ቀሰረች። «አንቺ ግን ነገ ውሃ ይዘሽ ብትመጪ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሰገነት እየሳቀች ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ብሩክታይት ማሊያውን ሰጠቻት። «ለዳኛዋ መልሺላቸው።»

ሰገነት ማሊያውን አጥፋ ወደ ድንኳኑ አመራች። ድምፅ ማጉያው ገና ምንም አላለም። ሚስጥር አሁንም ብቻዋን እዚያው ተቀምጣለች፤ ማንም አልነገራትም። ወደ ድንኳኑ ሃያ እርምጃ ያህል ይቀራታል። ማሊያውን አስረክቦ ማንንም ሳያዩ ወደ ቤት መሄድ ይቻላል።

ሰገነት ወደ እግረኛው መንገድ ታጠፈች።

«ሚስጥር» ብላ ጠራቻት። ልጅቷ ቀና ስትል ማሊያውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላትና አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ውሃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» ብላ ጀመረች።