ሣጥን የመሰለችው መኪና

«የጥርስ ሐኪሙ አሟሟት አደጋ አይደለም» አላት አለቃዋ በስልክ። «ወተት የጠጣበት ብርጭቆ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኝቷል። ሚስቱ ደግሞ ፋርማሲስት ናት። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ይዘሻት ነይ።»

«መጀመሪያ የሞተበትን ጋራዥ ልየው» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እስከ ምሳ ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ ራሴ መኪና ልኬ አስወስዳታለሁ።»

ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚል አለ፤ የነካችው ሁሉ «ዋይ!» ስለሚል ነው የሚልም አለ። እሷ ለሁለቱም ደንታ የላትም። ሰው ባልሠራው ሲታሰር ማየት ግን ያንገበግባታል፤ ሰዓቷን አይታ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች።

የግቢውን በር ስትገፋ ለቅሶ ሳይሆን ስድብ ተቀበላት።

«ወንድሜን አፈር አልብሰሽ ቤቱን ልትወርሺ!» ትላለች የሟች ታላቅ እህት፣ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ በረንዳው ላይ ተቀምጣ።

«እትዬ፣ ኧረ ይተዉኝ» አለች ሚስቲቱ። «ቀብረን ከመጣን ወዲህ ትንፍሽ አላልኩም።»

«ምን አፍ አለሽና ትንፍሽ ትያለሽ! የሌባ ዓይነ ደረቅ!»

ግድግዳ ተደግፎ የቆመው፣ የሟችን መኪና የሚሠራው መካኒክ ሁለቱንም እያየ ምራቁን ጢቅ አደረገ። ደግ ቃል የሚባል ነገር እዚህ ቤት ከገባ ቆይቷል።

መርፌ መካኒኩን ጠርታ ወደ ጋራዡ ገባች። መኪናዋ ቀይ ናት፣ ዝቅ ያለች፣ ጣሪያ የሌላት፤ የድሮ የእሽቅድምድም መኪና ቅጂ። የጭስ ማውጫ ማርሚታዎቿ እንደሌላው መኪና ከኋላ የሚወጡ አይደሉም፤ ከበሮቿ በታች ግራና ቀኝ ጎኗን ይዘው ተጋድመዋል። በስተግራ በኩል አሮጌ ጎማ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። በስተቀኝ አንድ ሰው ብቻ በጭንቅ የሚያልፍባት ጠባብ መንገድ አለች፤ መጨረሻዋ ላይ ትንሽ መስኮት።

«መስኮቱ ሁልጊዜ ዝግ ነው?»

«ኧረ ተዘግቶም አያውቅ! ዶክተር ማታ ማታ ከሽርሽር ሲመለሱ ሞተሩን ሳያጠፉ እዚሁ ቁጭ ይላሉ። ድምፁ ሙዚቃቸው ነው። በሩም መስኮቱም ክፍት ሆኖ የመኪና መጽሔት ያገላብጣሉ።»

መስኮቱ ግን ጥርቅም ብሏል። ከክፈፉ ላይ የተቀደደ የሸረሪት ድር ተንጠልጥሏል። በሩም ሬሳው በተገኘበት ጠዋት ዝግ ነበር፤ ሞተሩ ነዳጁን ጨርሶ ጠፍቷል። ሰውየውን የገደለው ጭሱ ነው፤ ወተቱ ያስተኛው ለዚያ ነው።

«ሊሸጣት ነበር ይባላል፤ ይችን የመሰለች መኪና ለምን ሊሸጣት ፈለገ?»

መካኒኩ ኮፈኗን በመዳፉ ዳበሰ። «ከባዶ ሻንሲ ተነስተን ነው አብረን የሠራናት። ምን ዋጋ አለው! ነዳጅ ለመቅዳት በቆሙ ቁጥር አንዱ ቀዥቃዣ መጥቶ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋታል። ‘ኦሪጅናል ናት?’ ይላቸዋል። ‘አይ፣ ቅጂ ናት’ ባሉ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። በመጨረሻ ኦሪጅናሏን ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። እኔን እንደ አሮጌ ጎማ ወረወሩኝ።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ተሰዳድበናል። እዚህ ቤት ያልተሰደበ ማን አለ?»

«ኦሪጅናሏን በምን ሊገዛት ነበር?»

«በዚህ ቤት ነዋ! በአባታቸው ቤት። ገዢ ነን የሚሉ መጥተው ግድግዳውን ሁሉ በሜትር ለክተው ሄደዋል።»

መርፌ ጎንበስ ብላ የቀኙን ማርሚታ አየች። ባት በሚደርስበት ቁመት ላይ ጥቁር ነገር ቀልጦ ተጣብቋል። በጥፍሯ ስትፍቀው ከጫፉ ቀጭን ክር ተነሳ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

«ይህን ማርሚታ ነክተኸው ታውቃለህ?»

መካኒኩ ሳቀና ሱሪውን ሰበሰበ። ባቱ ላይ የሚያብለጨልጭ የቆየ ጠባሳ አለ። «ይህ የእሷ ማኅተም ነው። አጠገቧ የዋለ ሰው አንዴ ይታተማል፤ ሁለተኛ የሚታተም የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል? ሞተሯ ከተነሳ በዚህ በኩል የምናልፈው ያንን ጣውላ ማርሚታው ላይ አስደግፈን ነው።» ጣውላው ከበሩ አጠገብ ቆሟል።

ሚስቲቱን ኩሽና አገኘቻት። ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ባዶ ባቷን በሌላው እግሯ እያሻሸች ቆማለች። እሷም ማኅተሙ አላት፤ የቆየ፣ የነጣ።

«ወተቱን ማን አፈላው?»

«እትዬ ናቸዋ! ከልጅነቱ ጀምሮ ማታ ማታ ወተት የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ያፈላሁ እንደሆነ ‘የእጣቢ ውኃ’ ይሉታል።»

«መድኃኒቱስ?»

«የኔ ነው፤ አልክድም። የእትዬ ቀኝ ጉልበት አልታጠፍ ብሎ እንቅልፍ ሲነሳቸው፣ በሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲዬ ያመጣሁላቸው ነው። ብልቃጡ እሳቸው መኝታ ቤት ነበር። ዛሬ ጠዋት እኔ ሻንጣ ውስጥ ተገኘ። ባሌን አንጀቴ እስኪርስ እወደው ነበር ብዬ አልዋሽሽም። ለየብቻ ነበር የምንተኛው፤ ስለ መኪና ካልሆነ ወሬ አልነበረውም። ግን መቀየም ሌላ፣ መግደል ሌላ! እስር ቤት ልበሰብስ ነው እንዴ?»

መርፌ ወደ በረንዳው ወጣች።

«እስካሁን አላሰርሻትም?» አለች ታላቅየዋ። «ወተቱን ያፈላችው እሷ ናት። እኔ ያንን ጋራዥ ረግጬው አላውቅም። ያቺን የፕላስቲክ አሻንጉሊት መኪና በሕይወቴ ተጠግቻት አላውቅም!»

ምርኩዟን ይዛ ተነሳች። ቀኝ እግሯን ደህና አድርጋ ረገጠችና ግራውን ጎተተች።

«እግርዎን ምን ሆነው ነው?»

«ጉልበቴ ነው። የቆየ ነው፤ ምን አገባሽ?»

በዚህ መሀል ለሐኪሙ መኪና ሲያፈላልግ የነበረው ደላላ ደረሰ፤ ሆዱን አስቀድሞ፣ ላቡን እየጠረገ። መርፌ ከበሩ ሳያልፍ ያዘችው።

«ዶክተሬ አበደብኝ እኮ!» አለ። «ስንት ደጅ ጠንቼ ኦሪጅናሏን ባገኝለት፣ ከመሞቱ በፊት ደውሎ ‘ተዋት፣ ያቺን ሣጥን የመሰለችውን አምጣልኝ’ አይለኝም? ከዚያች ቀይ እሳት በኋላ ሣጥን! የሕልም መኪና ይባላል ይሄ?»

«ለምን መረጣት?»

ደላላው ዙሪያውን አይቶ በሹክሹክታ ነገራት። መርፌ አዳምጣ ስታበቃ ወደ በረንዳው ቀና ብላ አየችና ከንፈሯን ነከሰች። የፖሊስ መኪና የግቢውን በር አልፎ ሲቆም አራቱንም ጋራዡ ፊት ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ወደ ሚስቲቱ አመራ።

«ቆይ» አለችው። «ሐኪሙ ወተቱን ጠጥቶ እዚህ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለው። ሞተሩ ይሠራል። ገዳዩ ግን ሥራው ገና ነው፤ መስኮቱን መዝጋት አለበት። በግራ በኩል ጎማው አያሳልፍም። የቀረችው ይህች ጠባብ መንገድ ናት። እርስዎ» አለች ወደ ደላላው ዞራ «ሊያልፉባት ይሞክሩ እስቲ።»

ደላላው ሞከረ። ሆዱ ገና ከመግቢያው ያዘው። ከመካኒኩ በቀር የሳቀ የለም።

«መካኒኩና ሚስቲቱ ያልፋሉ። ግን ሁለቱም በዚህ ማርሚታ ከዚህ በፊት ተቃጥለዋል፤ ከሩቁ ይፈሩታል፣ ጣውላውንም ያውቃሉ። እዚህ ተለብልቦ የሄደው ሰው መኪናዋን የማያውቅ ነው። ማርሚታ እንደማንኛውም መኪና ከኋላ የሚመስለው፣ በሕይወቱ ያልተጠጋት። የቀለጠውም ናይለን ነው፤ የሴት ረጅም ካልሲ።»

መርፌ ወደ ታላቅየዋ ዞረች።

«ወደ መስኮቱ የሚሄድ ሰው መኪናዋ በግራው ናት፤ የሚቃጠለውም ግራ እግሩ ነው። እትዬ፣ የሚያምዎት ቀኝ ጉልበትዎ ነው። ታዲያ ዛሬ ግራውን ምን አስጎተተዎት?»

«ማንም እግሬን አያይም!» ብላ ጮኸች ምርኩዟን ሽቅብ አንስታ።

«እኔ አላይም። ሐኪም ያየዋል፤ ዛሬውኑ።»

ምርኩዙ ቀስ እያለ ወረደ። ሴትየዋ ሚስቲቱን አየቻት፤ ጥላቻዋ አልቀነሰም።

«እናታችን ስትሞት ጡት አልጣለም ነበር» አለች። «አዝዬ አሳደግኩት። ሳላገባ፣ ሳልወልድ ቀረሁ። እሱ በስተርጅናዬ ለቆርቆሮ ብሎ የምሞትበትን ቤት ሊሸጥብኝ! ግድግዳዬን ሲለኩ ‘ምንድን ነው?’ ብለው ‘አንቺን አይመለከትም’ አለኝ። እኔን! ነገም ቢሆን ደግሜ አደርገዋለሁ።»

መርፌ እዚህ ላይ ልትተወው ትችል ነበር። ግን ብልቃጡ ሰው ሻንጣ ውስጥ መከተቱ አቃጥሏታል።

«ቤቱን ሊሸጥ አልነበረም» አለች። «አሳቡን ቀይሯል። ንገራቸው አንተ።»

ደላላው መሬት መሬት እያየ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቅጂዋን ሽጦ ሌላ ሊገዛ ነበር። ‘እህቴ ጉልበቷ አይታጠፍም’ አለኝ። ‘ወንበሯ ከፍ ያለ፣ በሯ ሰፊ የሆነች ፈልግልኝ። ሳትጎነበስ ትግባ። ሰድቤያታለሁ፤ እስክትመጣ ለማንም እንዳትናገር፣ በር ላይ አቁሜ ልክሳት።’»

መካኒኩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ውሸት ነው» አለች ታላቅየዋ። ቆየት ብላ ደግሞ «መኪናዋ በዚህ ሳምንት ነበር የምትመጣው?» ስትል ጠየቀች።

ደላላው በጭንቅላቱ አዎ አላት።

ፖሊሱ ክንዷን ይዞ እስከ መኪናው አደረሳት። መኪናው ዝቅ ያለ ነው፤ የኋላ በሩም ጠባብ። አንድ እግሯን አስገባች፣ ቀኝ ጉልበቷ አልታጠፍ አለ። ወጥታ እንደገና ሞከረች። ሚስቲቱ ከበረንዳው ሥር ቆማ እጇን አጣምራ ታያታለች፤ ልትረዳት አልተንቀሳቀሰችም።

«ትንሽ ጎንበስ ይበሉ እንጂ፣ እማማ» አላት ፖሊሱ።