ቅርፊቱ ወደ ላይ

ሽማግሌው ታቬቲ በጫካ ጎጆው ውስጥ፣ ምድጃው ፊት እንደተቀመጠ በብርድ ደርቆ ተገኘ። እግሩ ሥር አሥራ ዘጠኝ የተቃጠለ ክብሪት፣ ምድጃው ውስጥ ከቆመ ዛፍ የተቆረጠ እርጥብ ቅርንጫፍ።

መርማሪዋ ሂልካ ጎንበስ ብላ አየችው። በልጅነቷ እሳት ማንደድ ያስተማራት እሱ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ብቻውን በረዶ ላይ የሚከርም ሰው እሳት አቅቶት ሞተ ቢሏት እንዴት ትመን?

በላፕላንድ፣ በዚህ የሰሜን ፊንላንድ በረዷማ ምድር፣ የጫካ ጎጆ አይቆለፍም። ሕጉ አንድ ነው፤ ወጪው ለመጪው የማገዶ ሳጥኑን ደረቅ ፍልጥና ስንጥር ሞልቶ ይሄዳል። ጣቱ የደነዘዘ ሰው መፍለጥ አይችልማ። አሁን ሳጥኑ ባዶ ነው።

«እሁድ እኔ ሞልቼዋለሁ» አለ ቬይኮ፣ የሟቹ የዓሣ ማጥመድ ጓደኛ።

«ከታቬቲ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለች ሂልካ።

«አርባ ዓመት ሙሉ ነዋ። አሁን ከማን ጋር ልጣላ?»

የቱሪስት አስጎብኚው ሬይኖ ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ ሰኞ በደጅ አልፌያለሁ፤ አልገባሁም።»

«ይሄ እንኳን ሊሰርቅ፣ በር ለመክፈትም ይሰንፋል» አለ ቬይኮ።

«ጋሼ፣ ስንፍናዬ ዛሬ ጠቀመኝ።»

የሟቹ ልጅ ሳይሚ ግን የአባቷን እግር ታያለች።

ሂልካም አየችው። ጫማው እስከ ጉልበት በረዶ ሆኖ ጥግ ቆሟል፤ እግሩ ላይ ያለው ቀይ የሱፍ ካልሲ ግን ደረቅ ነው። የጀርባ ቦርሳው ገና አልተፈታም። ወጥታ ጎጆውን ዞረች፤ ከጀርባው ያበጠውን በረዶ በጓንቷ ጠረገችና ቆመች።

ሬሳው በሸርተቴ ከተወሰደ በኋላ ሦስቱን እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«አመዱ ስስ ነው፤ ማገዶው አልተቃጠለም። ሌባም አልወሰደው። ከጎጆው ጀርባ ተደርድሮ በረዶ ለብሷል፣ ቅርፊቱ ወደ ላይ። አገሩ ሁሉ ወደ ታች ነው የሚያደርገው። ወደ ላይ የምንደረድር ሦስት ነን። አንዱ ሞተ። አንዷ እኔ ነኝ።»

ሬይኖ ሊስቅ ብሎ ተወው።

«ቦርሳው ስላልተፈታ ካልሲው እዚህ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው። ሊገድል የመጣ ሰው ደግሞ ካልሲ አያስቀምጥም። ሳይሚ፣ ለምን?»

«ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው» አለች ሳይሚ። «ለመንኩት፣ ተቆጣሁት። ‹እሳት እስካለኝ ድረስ ጫካዬን አልተውም› አለኝ። እሳት ካጣ ተናዶ ቤቱ ይመለሳል ብዬ ነው። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እግሩን እንዳይበርደው ደግሞ…»

«ወደዚህ ሲመጣ ሐይቁ ላይ በረዶው ከድቶት ውኃ ውስጥ ገብቷል። በዚያ ጫማ መመለስ አይችልም ነበር።»

ሳይሚ ጓንቷን ጨመቀች። «ካልሲውን የሠራሁት እኔ ነኝ። አይቶ እኔ መሆኔን አውቋል ማለት ነው?»

ሂልካ የተቃጠሉትን ክብሪቶች ከወለሉ አንድ በአንድ ለቀመች።

ሊወጡ ሲሉ ሳይሚ «ቆዩኝ» አለች። ከጎጆው ጀርባ ማገዶውን በእቅፏ አመላለሰች፤ ፈለጠች፣ ሰነጠረች፣ ሳጥኑን ሞላች። በመጨረሻ ጣቱ ለደነዘዘ ሰው እንዲመች፣ አንድ ክብሪት ከፓኮው እስከ ግማሹ ስባ አስቀመጠች።

ፍጠኚ ያላት አልነበረም።