አንዱ ለጭራሮ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ጉም ከማይለቀው ሜዳ ላይ ነበር።

ቤት ውስጥ እማዬና እኔ ይርጋ ነበርን። በረት ውስጥ ላማችን ዳለቻ ነበረች። አባዬ ከሞተ ወዲህ ሌላ ሰው አልነበረንም።

ዳለቻ ጥጃ ወለደች። የጥጃዋ እግሮች በጣም ቀጫጭን ነበሩ። ስለዚህ ጭራሮ አልናት።

ከጭራሮ በፊት ሌላ ጥጃ ነበር። ወተት አነሰውና ሞተ። እማዬ ስለ እሱ አታወራም።

ዳለቻ አራት ጡት አላት። እማዬ ልታልብ ስትቀመጥ ሁልጊዜ እንዲህ ትላለች፦

«ሦስቱ ለእኛ፣ አንዱ ለጭራሮ።»

«ጥሽ! ጥሽ! ጥሽ!» ወተቱ ባልዲው ውስጥ ይወርዳል። ሦስቱ ጡቶች ሲያልቁ እማዬ ትነሳለች፤ እኔም ጭራሮን እፈታታለሁ።

ጭራሮ እየተንገዳገደች ትሮጣለች። አራተኛውን ጡት ትይዛለች። «ምጥጥ! ምጥጥ! ምጥጥ!»

ክረምት ገባ። ዝናቡ አላባራ አለ። የእማዬ ጣቶች አበጡ።

መጀመሪያ ባልዲው ጎደለ። ኋላ እማዬ ጡቱን ጨብጣ መጭመቅ አቃታት። እጆቿን በነጠላዋ ሸፈነች።

እኔ ልሞክር አልኳት። ጨበጥኩ። ሳብኩ። ጠብ ያለ ነገር የለም።

ዳለቻ በጭራዋ ፊቴን መታችኝ። «ጧ!»

አጎቴ ክንፈ ሊጠይቀን መጣ። የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። የእማዬን እጅ አየ፤ ዳለቻንም አየ።

የሚያልባት ከሌለ ላም ምን ትሠራልሻለች አላት። ቅዳሜ ገበያ ወስዶ ሊሸጣት እንደሚችል ነገራት።

እኔ በረት ገብቼ የዳለቻን አንገት አቀፍኩ። አንገቷ ይሞቃል።

እማዬ ቆይታ አጎቴን ለመነችው። ከተማ ውስጥ የላም ማለቢያ ማሽን የሚሸጥ ሰው አለ ይባላል፤ አንድ እንግዛና ላሟ ትቅርልን አለችው።

አጎቴ አጉረመረመ። ግን ሄደ።

ሻጩ ሁለት ማሽን በጋሪ ጭኖ መጣ። ሁለቱንም ሞክሩ፣ ነገ መጥቼ ያልፈለጋችሁትን እወስዳለሁ አለ።

አንዱ ትልቅ ነው። ያብረቀርቃል። ሞተር አለው። አራት ኩባያ አለው፤ ለእያንዳንዱ ጡት አንድ አንድ።

ሌላው ትንሽ ነው። ሞተር የለውም፤ በእግር ይረገጣል። ኩባያውም አንድ ብቻ ነው።

አጎቴ ትንሹን አየና ሳቀ። «ይሄማ የጎማ መንፊያ ነው። ላሟን ልትነፊያት ነው ሸዋዬ?» አላት። ሸዋዬ የእማዬ ስም ነው።

ስለዚህ ያን ቀን ማታ ትልቁን አስነሱ። «ድርርርርር!»

ዳለቻ ጆሮዋን አቆመች። አራቱ ኩባያዎች አራቱን ጡቶች ያዙ። «ጡክ! ጡክ! ጡክ! ጡክ!»

ባልዲው ሞላ። እንዲያ ቶሎ ሞልቶ አያውቅም። አጎቴ እጁን አፋተገ። እማዬም ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት።

እኔ ጭራሮን ፈታኋት። እየተንገዳገደች ሮጠች።

አንዱን ጡት ያዘች። ባዶ።

ሌላውን ያዘች። ባዶ።

በግንባሯ ጎሰመችው። «ጉም! ጉም!» አሁንም ባዶ።

ጭራሮ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ።

አጎቴ ከባልዲ ትጠጣ አለ። ባልዲውን አቀረብኩላት። አፍንጫዋን ነከረች። «እጥሽሽ!» ወተቱ የአጎቴን ጢም ሞላው።

ጭራሮ አልጠጣችም። እናቷን እንጂ ባልዲ አታውቅም።

እንደ ራባት አደረች። ስትጮህ ከአልጋዬ ሆኜ ሰማኋት። እማዬም ትሰማት ነበር፤ አልተኛችም።

ጠዋት አጎቴ ትልቁን ማሽን እንደገና አስነሳ። «ድርርርርር!» አራቱ ኩባያዎች አራቱን ጡቶች ያዙ።

እኔ ቀስ ብዬ ቀረብኩ። አንዱን ኩባያ ሳብኩና አወጣሁት።

«ሺሺሺሺ!» ማሽኑ አየር ሳበ። የቀሩትም ኩባያዎች ወደቁ። «ቧ! ቧ! ቧ!» ዳለቻ ደነገጠች፤ ባልዲውን ገለበጠችው።

አጎቴ ጆሮዬን ያዘኝ። ምን ሆነሃል አለኝ።

«አንዱ ለጭራሮ ነው» አልኩት።

አጎቴ ጆሮዬን ለቀቀኝ።

ሻጩ ሲመጣ እማዬ ጠየቀችው። ትልቁ ማሽን አንዱን ጡት ትቶ ሦስቱን ብቻ ማለብ ይችላል ወይ አለችው። ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። አራቱም ካልገቡ አይሠራም አላት።

እማዬ ወደ ጭራሮ ዞረች። ጭራሮ ጥግ ላይ ተኝታለች፤ የደነገጠችው ዳለቻ አላስጠጋት ብላለች። የጎኗ አጥንት ይቆጠራል።

«ወንድም ጋሼ፣ ትልቁን ይውሰደው» አለች እማዬ።

«ባልዲው ሞልቶ አላየሽም እንዴ?» አላት አጎቴ።

«አይቻለሁ። አንድ ጥጃ ቀብሬያለሁ፤ ሌላ አልቀብርም።»

ሻጩ ትልቁን ማሽን ጋሪው ላይ ጫነ። ጋሪው በጭቃው ውስጥ እየተንገጫገጨ ሄደ።

ማታ እማዬ ቦት ጫማዋን አደረገች። እኔ ኩባያውን ያዝኩ። እማዬ ትንሹን ማሽን ረገጠችው።

«ፉሽሽ... ጢቅ! ፉሽሽ... ጢቅ!»

ዳለቻ ጆሮዋን አላቆመችም። ማመስኳቷን ቀጠለች።

የአንዱ ጡት ወተት አለቀ። ኩባያውን ወደ ሁለተኛው አዛወርኩት። «ፉሽሽ... ጢቅ!»

የሁለተኛው አለቀ። የእማዬ እግር ደከመ። እኔ ልርገጥ አልኩ።

ረገጥኩ። ማሽኑ ንቅንቅ አላለም። በሁለት እግሬ ዘለልኩበት።

«ፉሽሽ... ጢቅ!»

አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። «በርታ እንጂ፣ አንተ ላባ» አለኝ። እኔም ዘለልኩ፣ ዘለልኩ፣ ዘለልኩ።

የሦስተኛው አለቀ። እማዬ እጇን አነሳችና «በቃ» አለች።

ባልዲው አልሞላም። ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሏል።

ጭራሮን ፈታኋት። ጉልበት አልነበራትም፤ ደግፌ ወሰድኳት። አራተኛውን ጡት ያዘች።

«ምጥጥ! ምጥጥ! ምጥጥ!»

ነጭ አረፋ በአፏ ዳር ወጣ። ጭራዋ ተወዛወዘ። እናቷ ጀርባዋን ላሰቻት።

አጎቴ ኮፍያውን አደረገ። «ቅዳሜ ገበያ ብቻዬን ነው የምሄደው» አለ። ከዚያ በዝናቡ ውስጥ ወጣ።

ማሽኑ የእማዬን ጣቶች አላዳናቸውም። ያን ቀን ማታም እንዳበጡ ነበሩ።

አልጋ ውስጥ ገባን። እጆቿን ሳብኩና ብብቴ ሥር ሸሸግኳቸው። በረዶ ነበሩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከበረት ግን የሚጮህ የለም። የእማዬ እጆች ቀስ እያሉ ሞቁ።

ያን ቀን እማዬ ከእኔ ቀድማ እንቅልፍ ወሰዳት።