የረጠበችው ስድስት

ሰዓት ሠሪው ካርታ በሚጫወትበት ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች ሁሉ ይሠራሉ፤ ስለሞተበት ሰዓት ግን የሚስማሙ አልነበሩም።

ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ሻይ አስመርምሮ የእንቅልፍ መድኃኒት አገኘበት። የሟቹ ልብ ደካማ ኖሮ አልቻለውም። ፖሊሶቹም ለጎረቤቱ ለልብስ ሰፊው ካቴና አሰናድተው ቆሙ፤ በዋዜማው «አንድ ቀን አንቅሃለሁ!» ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታልና።

«ቆዩ» አለች መርማሪዋ። ቤቷ የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ የማትቸኩል ሴት ናት።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ የሟቹን የራሚ ካርታ ጓደኞች ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ልብስ ሰፊውን።

«ጆከር ደብቋል ብዬ ነዋ! በራሚ ያልተጣላ ሰው ምኑን ተጫወተው?»

«ሌላው የጣለውን ካርታ ያነሣሉ?»

«እኔ? ሰው የጣለውን አልነካም! ከክምሩ ነው የምስበው።»

ጡረተኛዋ አስተማሪ ሳቁ። «እውነቱን ነው። የሚፈልጋትን ካርታ አፍንጫው ሥር ብትጥይለት፣ ቢሞት አያነሣትም።»

«እትዬ ደግሞ» አለ ልብስ ሰፊው፣ «ሦስት ካርታ ከገጠመላቸው አያስችላቸውም፤ ወዲያው ይዘረጋሉ።»

«አፍኖ መያዝ የሌባ ነው» አሉ አስተማሪዋ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ሟቹ ዛሬ ጠዋት ጠቅልሎ ልጁ ጋ ሊሄድ ነበር። ደርሶ መሄድ ወዷል፣ ምስኪን።»

ሦስተኛው፣ ባለመድኃኒት ቤቱ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ጥግ ይዞ ተቀምጧል።

«እርስዎስ እንዴት ይጫወታሉ?»

«እኔ እስከ መጨረሻው እጄ ላይ አቆያለሁ። በአንዴ ዘርግቼ ጨዋታውን ልዘጋ ስል ግን ሁሌም ወንድሜ ይቀድመኛል።»

ማታ የት እንደነበሩ ጠየቀቻቸው። ሦስቱም ቤታቸው ነበሩ፤ ሦስቱም ብቻቸውን። ከአልጋቸው በቀር ምስክር የላቸውም። መርማሪዋ ይህን ሰምታ አልፈረደችባቸውም፤ እሷም ብትጠየቅ መልሷ ያው ነበር።

ወደ ጠረጴዛው ጠራቻቸው። ከሟቹ ወንበር ትይዩ አንድ ተጫዋች ካርታውን ሁሉ ዘርግቶ ዘግቷል። በቢላዋ ጫፍ አንድ በአንድ እያላቀቀች አሳየቻቸው።

«እዩ። ጀርባቸው በሻዩ ስኳር ከጠረጴዛው ጋር ተጣብቋል፤ ፊታቸው ግን ከአንዷ በቀር ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሁሉም የተዘረጉት ብርጭቆው ከተገለበጠ በኋላ ነው። እትዬ ቢሆኑ ኖሮ ገና ድሮ ይዘረጓቸውና ሻዩ ከላይ ይረጭባቸው ነበር።»

አስተማሪዋ ሳያስቡት በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፊቷ የቆሸሸው አንዷ ብቻ ናት። አምስት ልብና ሰባት ልብ ንጹሕ፤ መካከል ያለችው ስድስት በሻይ የራሰች። ሻዩ ሲፈስ ሟቹ ከጣላቸው ካርታዎች ላይ ፊቷን ገልጣ ተኝታ ነበር ማለት ነው። አንድ ሰው ከዚያ አነሣት። ልብስ ሰፊው ደግሞ የተጣለ አያነሣም።»

የቀረው አንድ ነው፤ እሱም እስኪጠራ አልጠበቀም።

«ያስተኛሁት የጠዋቱ መኪና እንዲያመልጠው ብቻ ነበር» አለ ታናሽ ወንድም። «አንድ ቀን ቢቀር ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል ብዬ። እሱ ከሄደ እኔ ከማን ጋር ነው የማመሸው? ልቡ እንደሚያመው ደግሞ አልነገረኝም። ለእኔ! መድኃኒት ለምሸጠው!»

«ሲወድቅ ለምን ሰው አልጠሩም?»

«እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ነዋ። ስድስቷን ጣለና እዚያው ድፍት አለ። እኔ እሷን ነበር ስጠብቅ ያመሸሁት።» ዕንባውን በመዳፉ ጠረገ። «አነሣኋት። ሲነቃ እንዳሸነፍኩት እንዲያይ ካርታዬን ዘርግቼ ዘጋሁና ቀስ ብዬ ወጣሁ።»

አንዱ ፖሊስ ልብስ ሰፊውን «ነጻ ነህ፣ ሂድ» አለው። ልብስ ሰፊው ግን ወንበር ስቦ ከታናሹ ጎን ተቀመጠ።