የሚጉ ክዳን

ገድሉ የሞተው ራሱ በሠራው አውሮፕላን ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነው። ከእውነተኛው ሠላሳ ሁለት ጊዜ ያነሰ የፕላስቲክ ሚግ፤ ጎማው ሳይቀር ጭቃ የረገጠ እንዲመስል ተቀብቷል። በአጠገቡ አንድ ብርጭቆ አረቄ፣ አረቄው ውስጥ የተባይ መርዝ። ይህን ያየ ሁሉ በግማሽ ቀን ፈራጅ ሆነ። «ሥራውን ጨርሶ ራሱን አጠፋ» ተባለ። ሙት አይከራከርም፤ ለሰነፍ ዳኛ ከዚህ የተሻለ ተከሳሽ ከወዴት ይገኛል!

ኢንስፔክተር ሩሐማ በማግሥቱ ጠዋት ዓባይ ማዶ ካለው ቤቱ ስትደርስ ድንኳኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሯል። ራሱን ላጠፋ ግን ፍትሐት የለም፤ ይህንንም ለለቀስተኛው ያሳወቁት የሟቹ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ነበሩ።

«ሥርዓት ነው። ለወንድሜ ብዬ ልሻረው?» አሏት።

ሩሐማ ንዴቷን ውጣ ወደ ጓሮው ቆርቆሮ ክፍል ገባች። መስኮቱ አቧራ እንዳያስገባ በላስቲክ ታሽጓል፤ ሙቀቱ ያፍናል። ሟቹ ሚጉን ሲሠራ ሁለት ዓመት የተቀመጠው እዚህ ነው። ባለቤቱን አገርነሽን አስጠራች።

«እትዬ፣ መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ትናንት ስድስት ሰዓት፣ ምሳ ሳቀርብለት። ከዚያ ገበያ ሄድሁ። ዐሥር ሰዓት ስመለስ…»

«አረቄውስ?»

«ከእኔ ቤት አረቄ ገብቶ አያውቅም።»

«ሥራውን ጨርሶ ነበር?»

«የት ጨርሶ! የአብራሪው መቀመጫ የመስታወት ክዳን ገና ሳህን ላይ ነበር። ቅዳሜ ሰብለ ወንጌል መጥታ የአባቷን መቀመጫ ካየች በኋላ ነው የምገጥመው ብሎኛል።»

የሰብለ ወንጌል አባት ግሩም የሚባል አብራሪ ነበር። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ከነሚጉ ወድቆ ሞተ፤ ጥፋቱም የራሱ ነው ተባለ። ሚጉን ለበረራ ያዘጋጁት ሁለት መካኒኮች ገድሉና የቅርብ አለቃው ሀብተ ሥላሴ ነበሩ።

«መቀመጫው ላይ አንዲት ቀይ ክር ሲያስር ሦስት ቀን ፈጀ» አለች አገርነሽ። «ስስቅበት፣ ‹ይቺ ክር ሰው ገድላለች› አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልሳቅሁም።»

ቀጥለው የተጠየቁት መሪጌታ ናቸው። «ስምንት ሰዓት ላይ ገብቼ ተጣላን። ‹ሽማግሌ በመጫወቻ!› አልሁት። ‹ወንድም ጋሼ፣ ድጓ ሲጽፉ አንዲት ምልክት ቢስቱ ዜማው ይቀናል?› አለኝ።»

«ክዳኑስ?»

«ሳህኑ ላይ። ላነሣው ስል እጄን መታኝ፤ ‹አሻራዎ ያበላሸዋል› ብሎ።»

ሻለቃ ሀብተ ሥላሴ አሁን የእድሩ ዳኛ ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ያስደረድራሉ፤ ቀኝ እጃቸው ከኮት ኪሳቸው አይወጣም።

«እኔ ትናንት ከደጅ ሰላም ብየው አለፍሁ፤ አልገባሁም። የኔ ልጅ፣ ሰውየው ቆርጧል፤ ቤተሰቡን አታንገላቺ።»

«እጅዎን ምን ነካዎ?»

«ድንኳን ስንተክል ነው።»

ሩሐማ ለአንድ ጡረተኛ የአውሮፕላን መካኒክ ደውላ ስለ ቀይዋ ክር ጠየቀች። ሰባት ሰዓት ላይ ሦስቱንም ወደ ቆርቆሮ ክፍሉ አስገብታ በሩን ዘጋች። አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ቆመ።

«ክፍሉን ፈትሻለሁ። የአረቄም የመርዝም ጠርሙስ የለም። ሙት ተነሥቶ ጠርሙስ አይጥልም፤ ያመጣው ይዞት ሄዷል። አሁን ክዳኑን ተመልከቱ። ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ሳህን ላይ ነበር፤ አሁን ተገጥሟል፣ ከውስጥም እንደ ጉም ነጥቷል። የሱፐር ግሉ ማጣበቂያ ትነት ነው። የሞዴሉ መመሪያ ሳይቀር ለክዳን አትጠቀሙበት ይላል። ገድሉ ያዘጋጀው ይኸው ነጭ ኮላ ነው፤ ገና አልተከፈተም። አሻራ የሚጠየፍ ሰው የሁለት ዓመት ድካሙን በገዛ እጁ ያጨልማል?»

«አሻንጉሊት ለመክደን ሰው ይገደላል?» አሉ ሻለቃው እየሳቁ።

ሩሐማ ክዳኑን በምላጭ ፈልቅቃ አጉሊ መነጽሩን ለአገርነሽ ሰጠቻት።

«ክሩ የለም! ጫፉ ብቻ ቀርቷል» አለች አገርነሽ።

«አብራሪ በአደጋ ጊዜ ከነመቀመጫው ተስፈንጥሮ ይወጣል። መሬት ላይ ሳለ እንዳይስፈነጠር ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ፒን ይሰካበታል፤ ክሯ ያቺ ጨርቅ ናት። ፒኑ ሳይነቀል ከበረረ መውጫ የለውም። ግሩም እንደዚያ ተቆልፎበት ነው የወደቀው። ገድሉ ይህን ለልጁ ሊያሳያት ነበር። እዚህ ካላችሁት የክሩን ትርጉም የሚያውቅ፣ ነቅሎም የሚከድን፣ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሻለቃ፣ ሱፐር ግሉ ጣት ይይዛል። ቆዳዎ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ቀርቷል። እጅዎን ያሳዩን።»

ሀብተ ሥላሴ ወደ በሩ ዞሩ፤ በሩን መሪጌታ ሸፍነውታል። የሻለቃው እጅ ከኪስ ወጣ፤ ሁለት ጣቶቻቸው ተልጠዋል።

«ለመንሁት» አሉ። «ፒኑን መንቀል የእኔ ሥራ ነበር። እሱም አውቆ ሃያ አምስት ዓመት ዝም ብሏል። ምን አለበት እስክንሞት ዝም ቢል?»

«አንተ!» አለች አገርነሽ፤ አንቱታው ከአፏ ጠፋ። «ገድለኸው ስታበቃ አግዳሚ ትደረድርለታለህ?»

ሩሐማ ካቴናውን አጠለቀችላቸው። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ።

«አገርነሽ፣ ካህናቱን አሁኑኑ እጠራለሁ። ፍትሐቱ ላይ እኔው ራሴ እቆማለሁ።»

«ይቆማሉ» አለች አገርነሽ። «መጀመሪያ ግን ድንኳኑ ውስጥ ይግቡ። ትናንት ‹ፍትሐት የለውም› ያሉት በሹክሹክታ አልነበረም።»

መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ድንኳኑ መካከል ቆሙ። ያ ዕድሜ ልኩን ለማሕሌት የተገራ ድምፅ ዜማውን ትቶ ጮኸ፦

«ወንድሜ ራሱን አላጠፋም! በወንድሜ ላይ በሐሰት የፈረድሁት እኔ ነኝ!»