የጎኑ ፀሐይ

«የጎኑንስ ፀሐይ ማን ሊከልልላት ነው?»

ሸራ ሻጩ የጠየቀው እኔን ነው። ክንዷን ደግፌ የቆምኩት እኔ ስለነበርኩ ባሏ መስዬዋለሁ።

«ባሏ እኔ ነኝ!» አለ ሊቁ ከመደርደሪያው ኋላ ብቅ ብሎ። «እሱ ጎረቤት ነው። ዕቃ ሊሸከም ነው የመጣው።»

አመሰግናለሁ።

የምጽፍላችሁ ተረት አይደለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ፍጥጥ ብላ እያየችን የሆነ ነገር ነው። ጨለማ አሳስቶህ ነው እንዳትሉኝ። ሐይቅ ዳር፣ አንድ ቫን፣ ሦስት ሰው።

ሦስት።

ሊቁን ሊቁ ያለው ሰፈሩ ነው፤ ማሾፋችን መሆኑን እስካሁን ያልደረሰበት እሱ ብቻ ነው። አሮጌ ቫን ገዝቶ ውስጡ አልጋና ምድጃ ገጠመበትና አውሮፕላን የሠራ ያህል ተኩራራብን። ሚስቱ ግን ደግ ሰው ናት። ሁለቱንም ዓይኗን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ሦስት ሳምንት ክፍል ውስጥ ተዘግታ ከረመች። ሐኪሟ «ገና ፀሐይ እንዳይነካሽ፤ ከነካሽ ለዓይንሽ ዋስትና የለኝም» ብሏታል። እሷ ደግሞ አየር ናፈቃት። ከቫኑ ጎን የሚዘረጋ የጥላ ሸራ ፍለጋ የወጣነው ለዚህ ነው።

ሻጩ በትዕግሥት አስረዳን። ሸራው ከቫኑ አይርዘም፣ ነፋስ ይጫወትበታል። በሩ ሲከፈት እንዳይነካው ከፍ ይበል። አንዱ እግር ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ዝናቡ እንዲወርድ። ከሁሉም በላይ ግን የጎን መጋረጃውን አብራችሁ ውሰዱ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምትገባው በጎን ነው።

ሊቁ ሳቀበት።

«ፀሐይ የት እንዳለች ልታስተምረኝ ነው? ላይ ናት! መጋረጃ ለመታጠቢያ ቤት ነው።»

«እና ጎኗን?»

«ሰው ይቆምላታል!»

ሻጩ እርሳሱን አስቀመጠ።

«እንግዲህ አንተ ነህ ያልከው።»

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ደረስን። ሊቁ የመረጠው ሸራ ከቫኑ በሁለት ክንድ ይረዝማል። ካስማውን የመታው ደግሞ ልል አሸዋ ላይ ነው።

«ድንጋይ ብንጭንበትስ?» አልኩት።

«አንተ ስንተኛ ክፍል ነው ያቆምከው?»

ስምንተኛ። ስምንተኛ ክፍል ያቆመ ሰው አሸዋ ካስማ እንደማይዝ ያውቃል። ዞር ሲል ድንጋዩን ጫንኩበት።

እስከ ስምንት ሰዓት ደህና ነበርን። እሷ ከሸራው ሥር ጥቁር መነጽሯን አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና የውሃውን ድምፅ ታዳምጣለች። ሊቁ ቫኑ ውስጥ ያንኮራፋል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በሸራው ሥር ሾለከች።

መጀመሪያ ጫማዋን ነካች።

ከዚያ ጉልበቷን...

ብርድ ልብስ ይዤ ከቫኑ ዘለልኩ። «እህቴ፣ ፊትሽን አዙሪ!»

«አትድከም ወንድሜ» አለች ፈገግ ብላ። «እንዲሁ እንደቆምክ ሁንልኝ። በደንብ ከልለኸኛል።»

እኔ ገና ከጀርባዋ ነበርኩ።

ዞሬ ፊቷን አየሁት። ጥላ አርፎበታል። የጭንቅላት ጥላ። ከሥሩ አንገት... ሁለት ትከሻ...

ጥላውን በዓይኔ ተከትዬ ወደ ፀሐይዋ አቅጣጫ አየሁ። ማንም የለም። ጥላው የሚጀምርበት አሸዋ ላይ ሁለት የጫማ ምልክት አለ። ወደዚያ የሚወስድ ዱካ ግን የለም።

ሊቁን ቀሰቀስኩት።

«ቀስ በል... ሚስትህን እያት።»

«ምን ሆነች? የሸራው እግር ጥላ እኮ ነው።»

«የሸራው እግር ትከሻ አለው?»



ሊቁ ብርድ ልብሱን ከእጄ ነጥቆ ወደ እሷ ሲራመድ፣ የጥላው ክንድ ተነሣ። ቀስ ብሎ... ትከሻዋ ላይ አረፈ።

«ውይ፣ እጅህ ሲቀዘቅዝ!» አለች እሷ።

ሸራውን እንዴት እንደጠቀለልነው አላስታውስም። የሸራው ጥላ ከመሬት ተነሣ። ያኛው ቀረ።

ደግፈን ቫኑ ውስጥ አስገባናት። ሊቁ ነዳ። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ፀሐይ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ መስኮት ትገባለች። በየትም በኩል ትግባ፣ ጥላው ፊቷ ላይ ነው።

«ዓይንሽን አመመሽ?» አልኳት።

«ኧረ ምንም! እንዲህ ተመችቶኝ አያውቅም።»

በነጋታው ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርን። ሊቁ ከትናንት ወዲያ የናቀውን መጋረጃ በጣቱ አሳየ።

«ያንን ስጠኝ» አለ በሹክሹክታ። «ለሁሉም ጎን... ያለህን ሁሉ።»

ሻጩ ከወንበሩ አልተነሣም። በመስኮቱ አሻግሮ ውጭ የቆመውን ቫን አየ። እሷ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የጠዋት ፀሐይ ቫኑን ሁሉ አጥለቅልቃው ፊቷ ብቻ ጨልሟል። ወደ ጎኗ ዘንበል ብላ ከአንድ ሰው ጋር ታወራለች... ትስቃለች...

ሻጩ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ።

«መጋረጃ ምን ያደርግላችኋል?» አለ። «ቆሞላት የለም እንዴ?»