ሎሚ የነካው የአንገት ጌጥ

የአንገት ጌጡን ዶቃዎች ከሎሚ ውሃው ስታወጣቸው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ሚጢ ደነገጠች። ከግማሽ ሰዓት በፊት መስታወት ይመስሉ የነበሩት አረንጓዴ ድንጋዮች አመድ የተነሰነሰባቸው ያህል ደብዝዘዋል። በቀሚሷ ጫፍ ፈተገቻቸው። እፍ ብላ ደግማ ወለወለቻቸው። ወይ ፍንክች!

የአንገት ጌጡ የሟች እናታቸው ነበር። አሁን የታላቅ እህቷ ነው፤ እህቷ ደግሞ ነገ ጠዋት ሩቅ ከተማ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። አባታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ በሳምንት አንዴ ብቅ ቢል ነው። ከነገ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩን የምትከፍተው ራሷ፣ የምታወራውም ከግድግዳው ጋር መሆኑን ሚጢ አስባ ጨርሳለች። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም። ይልቅ ለእህቷ አንድ ነገር ላድርግላት ብላ ጌጡን አጠበችው፤ የነሐስ ሳህን በሎሚ ሲጸዳ አይታ ነበር።

እህቷ ከገበያ ሳትመለስ ጌጡን በመሀረብ ጠቅልላ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው የጌጥ ድንጋይ አለስላሽ ሱቅ ሮጠች። ሰውየው እርጥብ ሽርጥ ታጥቀው፣ አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው፣ ውሃ የሚንጠባጠብበት የድንጋይ መሞረጃ ማሽን ላይ አጎንብሰዋል።

«ጋሼ፣ ይቺን ያዩልኛል?»

ማሽኑን አጥፍተው ዶቃዎቹን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። «ምን አስነካሻቸው?»

«ሎሚ።»

«ውይ፣ የኔ ልጅ! ማላካይት የሚባል ድንጋይ እኮ ነው። አረንጓዴ ያደረገው ውስጡ ያለው መዳብ ነው። እንደሚመስለው ጠንካራ አይደለም፤ ቢላዋ እንኳ ይጭረዋል። ሎሚማ ይበላዋል።» ቀለበት ቀለበት የሠሩትን መስመሮች በጥፍራቸው ተከተሉ። «ይኼ ሁሉ ውሃ ጠብ እያለ በስንት ዘመን የተደራረበ ነው። ድሮ ሠዓሊዎች ፈጭተው ቀለም ያወጡበት ነበር። ዱቄቱ ግን ለሳንባ አይሆንም፤ ለዚያ ነው እንዲህ የተሸፋፈንኩት።»

«ይድናል?»

«ላዩን ገፈፍ አድርጌ ሳለሰልሰው እንደ አዲስ ያበራል።» ከዚያ ሁለት ዶቃዎች ለይተው ያዙ። «እነዚህ ሁለቱ ግን በአንድ ጎን ለምን ጎደጎዱ?»

ሚጢ ቀረብ ብላ አየች። እናቷ ሐሳብ ሲገባት የፊተኞቹን ሁለት ዶቃዎች በአውራ ጣቷ ታሻሽ ነበር። ስልክ ስትጠብቅ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ ዝም ብላ በመስኮት ስታይ።

«እናቴ ናት» አለች። «ሲለሰልስ ይጠፋል?»

«ይስተካከላል። ማንም አያውቅብሽም።»

ሚጢ አውራ ጣቷን ጎድጓዳው ላይ አሳረፈች። አልሞላውም፤ የእናቷ ጣት ሰፋ ያለ ነበር።

«ይቅርብኝ ጋሼ» ብላ መሀረቡን ዘረጋች።

ቤት ስትደርስ እህቷ አልጋው ላይ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «የት ጠፋሽ አንቺ? ስንት ቦታ ፈለግኩሽ!»

ሚጢ በሩ ላይ ቆመች። «እትዬ፣ የእማዬን ጌጥ አበላሸሁት። ሎሚ ውስጥ ነከርኩት።» መሀረቡን ፈትታ ዘረጋችላት። «ሳታውቂ ላስለሰልሰው ነበር። ግን እማዬ የምታሻሸው ቦታ ይጠፋል አሉኝ።»

እህቷ ጌጡን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አገላበጠችው። «ቆይ፣ ለምን ነካሽው?» አለች በደረቅ ድምፅ።

«የምሰጥሽ ነገር አጥቼ…» ሚጢ እዚህ ላይ ልታቆም ትችል ነበር። አላቆመችም። «ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው።»

እህቷ ያጣጠፈችውን ልብስ ሁሉ በክንዷ ወደ ጥግ ገፍታ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችላት። ሚጢ ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ወጣች።